በቤት ሽያጭ ሻጭና ገዥ ከደላላ ሊጠብቁት የሚገባ አገልግሎት

ቤት መሸጥም ሆነ መግዛት ለአብዛኛው ቤተሰብ በሕይወት ዘመን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ የሚያጋጥም ከባድ ውሳኔ ነው። የዓመታት ቁጠባ፣ የዕቁብ ገንዘብ፣ የባንክ ብድር ወይም ከውጭ አገር ከዘመድ የተላከ ድጋፍ በአንድ ውል ላይ ይውላል። በከተሞች፣ በተለይም በአዲስ አበባ፣ ሻጭና ገዥ በብዛት የሚገናኙት በደላላ አማካይነት ነው። በመሆኑም ከደላላው የሚጠበቀውና የማይጠበቀው አገልግሎት ቀድሞ መታወቁ የተዋዋዮችን መብት ለማስጠበቅ ይረዳል።

ይህ ጽሑፍ ሻጮችና ገዥዎች ከደላላ የሚፈልጓቸውን ዋና ዋና አገልግሎቶች፣ በደላላ ቃል ብቻ ሊታለፉ የማይገባቸውን ማረጋገጫዎች እንዲሁም አለመግባባት ሲፈጠር ሊወሰዱ የሚገባቸውን እርምጃዎች ይዘረዝራል።

1. ደላላ ማን ነው? ሥልጣኑስ እስከ ምን ድረስ ነው?

ደላላ ለመዋዋል የሚፈልጉ ወገኖችን ፈልጎ የሚያገናኝና ለዚህ ሥራው ክፍያ የሚያገኝ ሰው ወይም ድርጅት ነው። ሥራውን የሚያከናውነው በራሱ ስም ራሱን ችሎ ነው፤ የሻጭ ወይም የገዥ ወኪል አይደለም። በመሆኑም በግልጽ የተሰጠ የውክልና ሥልጣን ከሌለው በሻጭ ስም ዋጋ ቆርጦ የመስማማት፣ ቀብድ የመቀበል ወይም ውል የመፈረም መብት የለውም።

የድለላ ሥራ የንግድ ሥራ ነው። በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት ፈቃድ በሚያስፈልገው የንግድ ሥራ የሚሰማራ ማንኛውም ሰው የጸና የንግድ ሥራ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ አገልግሎት ፈላጊው የደላላውን የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የማንነት መታወቂያ ለማየት መጠየቁ ተገቢ ነው። ይህን ጥያቄ እንደ ስድብ ቆጥሮ የሚቆጣ ደላላ ሌላ ደላላ ለመፈለግ በቂ ምክንያት ይሰጣል።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ሊታወስ ይገባል። ደላላው ገቢ የሚያገኘው ሽያጩ ሲጠናቀቅ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከሁለቱም ወገን ይከፈለዋል። ሐቀኛ ደላላ ቢሆን እንኳ ሽያጩ ቶሎ እንዲፈጸም መፈለጉ የሥራው ባሕርይ ነው። በመሆኑም ሽያጩን ሊያዘገይ ወይም ሊያስቀር የሚችል መረጃ፣ ለምሳሌ ዕዳ፣ እግድ ወይም የቤተሰብ ክርክር መኖር አለመኖሩ፣ በደላላው ቃል ብቻ ሊታለፍ አይገባም።

2. ሻጮች ከደላላ የሚፈልጉት

ሀ. ስለ ገበያው ትክክለኛ መረጃ። ሻጭ በቅድሚያ የሚፈልገው ቤቱ በአካባቢው ስንት ሊያወጣ እንደሚችል ማወቅ ነው። ጥሩ ደላላ በቅርቡ በዚያው ሰፈር የተሸጡ ተመሳሳይ ቤቶችን የቦታ ስፋት፣ የግንባታ ደረጃ፣ የመንገድ ቅርበትና የይዞታ ዓይነት እያነጻጸረ ያስረዳል። ሥራውን ለማግኘት ብቻ የተጋነነ ዋጋ ተስፋ የሚሰጥ ደላላ ቤቱ ለወራት ሳይሸጥ እንዲቆይ ያደርጋል፤ ቶሎ ኮሚሽን ለማግኘት ዋጋ የሚያሳንሰው ደግሞ ሻጩን ከሀብቱ ያጎድለዋል። ከአንድ በላይ ደላላ መጠየቅና ዋጋቸውን ማመሳከር ከሁለቱም ይጠብቃል።

ለ. የመግዛት አቅምና ፍላጎት ያለው ገዥ። ሻጭ ቤቱን ለማየት ብቻ በሚመጡ ሰዎች ብዛት አይጠቀምም። ደላላው ገዥውን ከማምጣቱ በፊት በጥሬ ገንዘብ ወይስ በባንክ ብድር እንደሚገዛ፣ ክፍያውን በስንት ጊዜ ሊያጠናቅቅ እንደሚችልና ቤቱን በምን ያህል ጊዜ ውስጥ መረከብ እንደሚፈልግ ሊጠይቅ ይገባል።

ሐ. የቤቱና የሰነዱ ጥበቃ። ጉብኝት በቀጠሮ፣ ነዋሪዎቹ ባሉበትና በሚመቻቸው ሰዓት ሊሆን ይገባል። ሻጭ ዋናውን የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ለደላላ መስጠት የለበትም። ፎቶ ኮፒ መስጠት ካስፈለገ የተሰጠበት ቀንና ዓላማ በኮፒው ላይ ቢጻፍ ይመረጣል። የካርታ ፎቶግራፍ በቴሌግራም ቻናልና በማኅበራዊ ሚዲያ ሲዘዋወር ሐሰተኛ ሰነድ ለማዘጋጀት ለሚፈልጉ ሰዎች መንገድ ይከፍታል።

መ. የተጠየቀውን ዋጋ አለመለወጥ። ሻጮች በብዛት ከሚያሰሟቸው ቅሬታዎች አንዱ ደላላ በሻጩ ዋጋ ላይ የራሱን ጭማሪ አድርጎ ለገዥ መናገሩ ነው። ለምሳሌ ሻጩ 6 ሚሊዮን ብር የጠየቀበትን ቤት ደላላው 6 ሚሊዮን 500 ሺህ ብር ብሎ ቢያቀርብ ገዥው ያላግባብ ይከፍላል፤ ሻጩም በዋጋው ውድነት ምክንያት ሊመጡ ይችሉ የነበሩ ገዥዎችን ያጣል። ሻጭና ገዥ ፊት ለፊት ተገናኝተው ዋጋውን መነጋገራቸው ይህን ይከላከላል።

3. ገዥዎች ከደላላ የሚፈልጉት

ሀ. በእርግጥ የሚሸጥ ቤት። ገዥ በማስታወቂያ ያየው ቤት ሲደርስ «ተሽጧል» ተብሎ ወደ ሌላ ውድ ቤት መወሰዱ፣ ወይም ያንኑ ቤት ሦስት ደላሎች በሦስት ዋጋ ማሳየታቸው ጊዜውንም እምነቱንም ይጎዳል። ደላላው ቤቱን ለማሻሻጥ በባለቤቱ የተጠየቀ መሆኑን ሊያስረዳ ይገባል።

ለ. የይዞታው ዓይነት ግልጽ መረጃ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ አይሸጥም፤ የሚተላለፈው ቤቱና ከእርሱ ጋር የተያያዘው የይዞታ መብት ነው። በመሆኑም ቤቱ በነባር ይዞታ ላይ ያለ፣ በሊዝ የተያዘ፣ የማኅበር ወይም የጋራ መኖሪያ ቤት መሆኑ በዋጋውም ሆነ በስም ዝውውሩ ላይ ልዩነት ያመጣል። ይዞታው በሊዝ ከሆነ ያልተከፈለ ቀሪ የሊዝ ክፍያ መኖሩና ማን እንደሚከፍለው መታወቅ አለበት። የቀበሌ ቤት የመንግሥት ንብረት ስለሆነ ተከራዩ ሊሸጠው አይችልም። በመንግሥት የቤት ልማት ፕሮግራም በዕጣ የተላለፈ የጋራ መኖሪያ ቤትም 5 ዓመት ሳይሞላው ለሦስተኛ ወገን መሸጥ የተከለከለ ነው። «ውሉን አሁን እንፈራረም፣ ጊዜው ሲደርስ ስሙ ይዛወራል» የሚል ሐሳብ ገዥውን ለከፍተኛ አደጋ ያጋልጣል።

ሐ. ጉድለትን አለመሸሸግ። የውሃ መስመር ችግር፣ የግድግዳ መሰንጠቅ፣ ከፈቃድ ውጭ የተሠራ ተጨማሪ ክፍል፣ በቤቱ ውስጥ የሚኖር ተከራይ ወይም የወሰን ክርክር ካለ ገዥው ከመዋዋሉ በፊት ሊያውቀው ይገባል። በካርታው ላይ የተመለከተው ስፋት በቦታው ካለው ጋር መመሳሰሉም መታየት አለበት።

መ. ለማሰብ በቂ ጊዜ። «ሌላ ገዥ እየመጣ ነው፤ ዛሬ ቀብድ ካልተከፈለ ያመልጣል» የሚለው ግፊት የተለመደ ነው። እውነትም ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሰነድ ሳይጣራ የሚከፈል ገንዘብ ከሚያመልጥ ቤት የከፋ ጉዳት ያስከትላል።

4. የደላላ ክፍያ

ለቤት ሽያጭ ከዋጋው 2 በመቶ ኮሚሽን መጠየቅ በአዲስ አበባ የተለመደ ነው። በዚህ ስሌት ለ6 ሚሊዮን ብር ቤት ከአንድ ወገን የሚጠየቀው 120 ሺህ ብር ሲሆን፣ ከሁለቱም ወገን የሚከፈል ከሆነ በድምሩ 240 ሺህ ብር ይደርሳል። ይሁን እንጂ ልማድ የተዋዋዮችን ስምምነት አይተካም። መጠኑ ላይ መደራደር የሚቻለውም ሥራው ከመጀመሩ በፊት ነው።

በክፍያ ረገድ የሚነሱ አለመግባባቶች በአብዛኛው ከሦስት ምክንያቶች ይመነጫሉ። የመጀመሪያው መቼ እንደሚከፈል አለመወሰኑ ነው፤ ክፍያው ውሉ ሥልጣን ባለው አካል ፊት ከተረጋገጠ በኋላ እንዲሆን መስማማት ሁለቱንም ወገን ይጠብቃል። ሁለተኛው ብዙ ደላሎች «ያገናኘሁት እኔ ነኝ» ብለው መቅረባቸው ነው፤ ገዥው በማን አማካይነት እንደመጣ በመጀመሪያው ጉብኝት ዕለት መመዝገቡ ክርክሩን ያስቀራል። ሦስተኛው ሽያጩ ባይሳካ የሚከፈል ነገር መኖር አለመኖሩ ግልጽ አለመደረጉ ነው።

ስለዚህ ከደላላው ጋር አጭርም ቢሆን የጽሑፍ ስምምነት ማድረግ ይገባል። ስምምነቱ የሚከተሉትን ቢይዝ ይመረጣል፦

• የደላላው ሙሉ ስም፣ አድራሻና የንግድ ፈቃድ ቁጥር፤
• የቤቱ አድራሻና ሻጩ የጠየቀው ዋጋ፤
• የኮሚሽኑ መጠን፣ ከፋዩና የሚከፈልበት ጊዜ፤
• ከሌላኛው ወገን ክፍያ የሚቀበል ከሆነ ይኸው መገለጹ፤
• ስምምነቱ የሚቆይበት ጊዜና ሻጩ በሌላ ደላላ ወይም በራሱ መሸጥ የሚችል መሆን አለመሆኑ፤
• ለተከፈለው ገንዘብ ደረሰኝ እንደሚሰጥ።

5. በደላላ ቃል የማይተኩ ማረጋገጫዎች

ደላላ ቤት ሊያሳይ፣ ሰው ሊያገናኝና ሊያደራድር ይችላል። የባለቤትነት ማረጋገጫ ግን የሚገኘው ሥልጣን ከተሰጠው ተቋም ብቻ ነው። ገዥው በራሱ ወይም በሕግ ባለሙያ አማካይነት የሚከተሉትን ማጣራት አለበት።

የይዞታ ማረጋገጫ። ካርታው በሻጩ ስም መሆኑ፣ ከመዝገቡ ጋር መመሳሰሉና አለመምከኑ ቤቱ በሚገኝበት ክፍለ ከተማ ወይም ከተማ በሚመለከተው የመሬት ይዞታ አካል ሊረጋገጥ ይገባል።

ዕዳና እግድ። ቤቱ ለባንክ ብድር ዋስትና የተያዘ ወይም በፍርድ ቤት የታገደ መሆን አለመሆኑ በዚያው መዝገብ ይታያል። የባንክ ዕዳ ያለበት ቤት የሚሸጠው ባንኩ በሚያውቀው መንገድ ሊሆን ይገባል።

የትዳር ጓደኛ ስምምነት። በተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 አንቀጽ 68 መሠረት የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የባልና የሚስት ስምምነት ያስፈልጋል። ካርታው በአንደኛው ስም ብቻ መሆኑ ቤቱ የግል ነው ለማለት አያበቃም። ይህ ሕግ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ተፈጻሚ ሲሆን በርካታ ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። ሻጩ ያላገባ ከሆነ የያላገባ ማስረጃ፣ የተፋታ ከሆነ የፍቺና የንብረት ክፍፍል ውሳኔ፣ በውርስ ያገኘው ከሆነ የወራሽነት ማረጋገጫ ሊቀርብ ይገባል። ወራሾች ብዙ ከሆኑ የሁሉም ስምምነት ያስፈልጋል።

የውክልና ሥልጣን። ሻጩ ባለቤቱ ሳይሆን ወኪል ከሆነ ውክልናው የመሸጥ ሥልጣንን በግልጽ የሚሰጥ መሆን አለበት። በፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2204 እና 2205 መሠረት ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ የሚያገለግል ሲሆን፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ውክልናው አለመሻሩም ከሰጠው አካል ሊጣራ ይገባል።

ግብርና የአገልግሎት ክፍያዎች። የቤትና የቦታ ግብር፣ የሊዝ ክፍያ፣ የውሃና የመብራት ሂሳብ እስከ ርክክቡ ቀን መከፈላቸው በደረሰኝ ይረጋገጣል።

6. ቀብድና የውል አፈጻጸም

ብዙ ገዥዎች ገንዘብ የሚያጡት በቀብድ ደረጃ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1883 መሠረት ቀብድ መሰጠቱ የውል መኖርን ያስረዳል። በአንቀጽ 1885 መሠረት ደግሞ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ወገን ቢያፈርስ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ለምሳሌ 200 ሺህ ብር ቀብድ የተቀበለ ሻጭ ሐሳቡን ቢለውጥ 400 ሺህ ብር ለመመለስ ይገደዳል።

ይሁን እንጂ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ የተለየ የውል አጻጻፍ ሥርዓት አለው። በፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1723 እና 2877 መሠረት ውሉ በጽሑፍ መሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መደረግ አለበት። በአዲስ አበባ ይህ ተግባር የሚፈጸመው በተለምዶ «ውልና ማስረጃ» በሚባለው የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ጽሕፈት ቤቶች ነው። በደላላ ቢሮ ወይም በሰፈር ሽማግሌዎች ፊት የተፈረመ ወረቀት ይህን ሥርዓት አይተካም። ስለዚህ የቀብድ ገንዘብ አነስተኛ ቢሆን፣ ለባለቤቱ በቀጥታ በባንክ ቢተላለፍና ሰነዱ ችግር ያለበት ሆኖ ከተገኘ እንደሚመለስ በጽሑፍ ቢሰፍር ይበጃል። ገንዘቡን ለደላላው «እንዲያደርስ» መስጠት አይገባም።

ውሉ ከተረጋገጠ በኋላም ሥራው አላለቀም። በፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1185 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት በውል የሚተላለፈው በመዝገብ ሲመዘገብ ነው። ገዥው ስም ሳያዛውር ከቆየ ንብረቱ በሻጩ ዕዳ ምክንያት ሊታገድ ወይም ሻጩ ቢሞት ወራሾች ክርክር ሊያነሱበት ይችላሉ። በመሆኑም ከዋጋው የተወሰነው ክፍል ስም ዝውውሩ ሲጠናቀቅ እንዲከፈል መስማማት ጠቃሚ ጥንቃቄ ነው።

7. ዋጋን አሳንሶ ስለ መጻፍ

አንዳንድ ደላሎች ክፍያ ለመቀነስ በሚል በውሉ ላይ ከእውነተኛው ያነሰ ዋጋ እንዲጻፍ ይመክራሉ። ይህ ሕገ ወጥ ከመሆኑም በላይ ጉዳቱ በተዋዋዮቹ ላይ ይወድቃል። ለ6 ሚሊዮን ብር ሽያጭ 2 ሚሊዮን ብር የተጻፈበት ውል ቢፈርስ ገዥው ቀሪውን 4 ሚሊዮን ብር መክፈሉን ለማስረዳት ይቸገራል፤ ሻጩም ያልተከፈለው ገንዘብ ካለ በውሉ መሠረት መጠየቅ ያዳግተዋል። በቴምብር ቀረጥ አዋጅ ቁጥር 110/1990 የተመለከተው የባለቤትነት ማስተላለፊያ ቀረጥ ከዋጋው 2 በመቶ ነው። ይህንና ሌሎች የስም ማዛወሪያ ክፍያዎችን እንዲሁም ከሽያጩ የሚመነጭ ግብርን ማን እንደሚከፍል ከመፈራረም በፊት መወሰን ይገባል።

8. በውጭ አገር የሚኖሩ ሻጮችና ገዥዎች

በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ቤቱን በአካል ሳያዩ በደላላና በዘመድ አማካይነት ስለሚገበያዩ ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው። ውክልናቸውን በሚኖሩበት አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ጽሕፈት ቤት በኩል መስጠት፣ ሥልጣኑንም ለአንድ ለተወሰነ ቤት ብቻ ማድረግ ይችላሉ። ቤቱን የሚያሳየውን ደላላና ሰነዱን የሚያጣራውን ሰው የተለያዩ ማድረግ ይመከራል፤ ደላላውን ራሱን ወኪል አድርጎ መሾም የጥቅም ግጭት ይፈጥራል። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ካርድ ያላቸው ሰዎች የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት የመሆን መብት አላቸው።

9. አለመግባባት ወይም ጥፋት ሲያጋጥም

ያለ ንግድ ፈቃድ የሚሠራ፣ ደረሰኝ የማይሰጥ ወይም አሳሳች ማስታወቂያ የሚያወጣ ደላላ ሲያጋጥም ጥቆማ ለአካባቢው የንግድ ጽሕፈት ቤት ይቀርባል። በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያ የተከለከለ ነው። ሐሰተኛ ካርታ ወይም ውክልና ሲቀርብ፣ አንድ ቤት ለሁለት ሰው ሲሸጥ ወይም ቀብድ ተቀብሎ የተሰወረ ሰው ሲኖር ጉዳዩ የወንጀል ባሕርይ ስላለው ሳይዘገይ ለፖሊስ ሊመለከት ይገባል። የክፍያና የውል አፈጻጸም ክርክር ደግሞ በስምምነት ካልተፈታ ሥልጣን ላለው ፍርድ ቤት ይቀርባል።

በማናቸውም ሁኔታ የባንክ ማስተላለፊያ ሰነዶች፣ ደረሰኞች፣ ከደላላው ጋር የተደረገው ስምምነትና የጽሑፍ መልእክቶች ተጠብቀው ሊቀመጡ ይገባል። በቃል ብቻ የተደረገን ስምምነት በማስረጃ ማስደገፍ አስቸጋሪ ነው።

ማጠቃለያ

ሻጭ ከደላላ የሚፈልገው ተገቢ ዋጋና እውነተኛ ገዥ ነው፤ ገዥ የሚፈልገው እውነተኛ ቤትና ያልተሸሸገ ጉድለት ነው። ሁለቱም በአንድ ቃል የሚጠይቁት በወቅቱ የተነገረ ትክክለኛ መረጃን ነው። ይህን የሚያሟላ ደላላ ለድካሙ የተስማሙበትን ክፍያ ሊያገኝ ይገባል። የባለቤትነት፣ የዕዳ፣ የትዳርና የውክልና ጉዳዮች ግን ደላላው የቱንም ያህል ቢታመን በሚመለከታቸው ተቋማት ሊረጋገጡ ይገባል፤ ገንዘብም ከማረጋገጫው በፊት ሊከፈል አይገባም።